ለነስሮ የሰፋሁት ካፖርት

ውድ ልጄ ሂክማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ለመሆኑ አዳማ እንዴት ናት? ሙቀቱ አልቀነሰም? ባለፈው ጁምዓ ስትደውዪ «አባ፣ ሙቀቱ ገደለኝ፣ ሌሊት አንሶላ እንኳ አልደርብም» ብለሽኝ አልነበር? እኔም ሞኙ አባትሽ ስልኩን እንደዘጋሁ ስስ የጥጥ ቀሚስ ቆረጥኩልሽ። ቀሚሱ ይኸው ፊቴ ተንጠልጥሏል፤ እጅጌው ገና አልገባም። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በሲናናችን፣ በሐረሪኛው፣ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን መናገር እንጂ መጻፉን አልተማርኩም። ስቆጣ ደግሞ አማርኛ ይቀናኛል፣ እናትሽ ታውቃለች። ፊደሉ ቢጣመም አትሳቂብኝ። እስከ ዛሬ የሳቃችሁብኝ ይበቃል።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ካልሆነ እኔ ራሴም አላምነውም።

አምና ብርድ ሲገባ አክስትሽ ሸምሲያ መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎች ተራ ድረስ፣ ሱቄ መጣች። እህቴ ያለ ጉዳይ እንደማትመጣ ታውቂያለሽ። በርጩማ ስባ ፊቴ ተቀመጠችና፣ «አብዱልፈታ፣ አንድ የሰው ልጅ አለ» አለችኝ። «የጎረቤቴ ዘመድ ነው፤ ነስሮ ይባላል። ከጭሮ በላይ ያለው ጋራ ላይ ከአዳኞች ጋር ዱካ ተከታይ ሆኖ ተቀጥሯል። ፈቃድ አውጥተው የደጋ አጋዘን የሚያድኑ ፈረንጆች ይመጣሉ፤ እሱ ነው የሚመራቸው። ብርዱ ሊገድለው ነው። አንተ በወጣትነትህ ወታደር ቤት፣ ብርድ አገር ልብስ ስትሰፋ አልነበር? ለአላህ ብለህ አልብሰው።»

«ይምጣና ልለካው» አልኳት።

«ሥራ ላይ ነው፣ አይመቸውም። ልኩን ይዤልሃለሁ» አለችና ከቦርሳዋ የተቋጠረ ሲባጎ አወጣች። አንዱ ቋጠሮ ትከሻ፣ አንዱ ደረት፣ አንዱ ወገብ፣ አንዱ ዳሌ። ሲባጎውን ሜትሬ ላይ ዘርግቼ አየሁና፣ «አቦ! ይሄ ልጅ ወገቡ የንብ፣ ዳሌው የሙሽራ ነው! ምን እያበሉ ነው ያሳደጉት?» ብዬ ሳቅሁ። ሸምሲያም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀልዴ ያማረላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሱብሃነላህ! የገዛ ልጄን ልክ በእጄ ይዤ ነው የሳቅሁት። ከጨቅላነትሽ ጀምሮ የዒድ ልብስሽን ሁሉ የሰፋሁ ሰው፣ ሲባጎ ላይ አላወቅኩሽም።

ለነስሮ የሰፋሁትን የለበስሽው አንቺ ነሽና እንዴት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ስሰፋው ምን እንዳሰብኩ ግን አታውቂም። በመጀመሪያ ለገላው የሚሆን ስስ የሱፍ ሹራብ ፍለጋ ሰልባጅ ተራን ዞርኩ። ነጋዴዎቹ «ጥጥ ውሰድ፣ ለስላሳ ነው» ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ጥጥ ለሐረር ነው። ዳገት ለሚወጣ ሰው ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ገላው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ሲቀመጥ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ወታደር ቤት ያየሁት ይሄንን ነው፣ ሰው በገዛ ላቡ ሲበርደው። ከሹራቡ በላይ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ከብርድ ልብስ ቆረጥኩ፤ እጁ እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ። ጎንና ጎኑን ደረብኩት። ከላይ ደግሞ ካፖርት። ናይለን ጃኬት ነፋስ ያቆማል፣ ግን ቁጥቋጦ በነካው ቁጥር ይንሿሿል፤ አጋዘን ደግሞ ሁለመናው ጆሮ ነው። ስለዚህ የድሮ የወታደር ካፖርት ፈታሁ፣ ገለበጥኩ፣ አሳጠርኩ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ገበር አገባሁበት። የብረት ቁልፎቹን ነቅዬ ጨርቅ የለበሱ ተከልኩ፤ ብረት ይንኳኳል፣ ፀሐይ ላይም ያበራል።

«ለልጁ ንገሪው» አልኳት አክስትሽን። «ዳገት ሲወጣ ካፖርቱን አውልቆ ይሸከመው፤ ትንሽ ቢበርደው አይሞትም። ሲቀመጥ ግን ገላው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ይደርብ። ሁሉንም አንዴ ለብሶ ጋራ የሚወጣ ሰው ሲወርድ ታሞ ነው።»

ከሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። «ልጁ እጅህን ስሟል» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ይይዛል፣ ሱሪዬ ከጉልበት በታች ይረጥባል፣ ምን ይበጀኛል ብሏል።» እንደ እናትሽ ገናፊ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ ጠበብ አድርጌ ሰፋሁለት። የሴት ሱሪ ለወንድ ልጅ አለበስኩት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ስለ ጓንት ጠየቀ። ስለ አንገት ልብስ ጠየቀ። ለመጸዳዳት በተቀመጠ ቁጥር ወገቡ የሚበርደው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። በመጣች ቁጥር «ልጁ 'አባባ ምን አሉ?' እያለ ይጠይቀኛል» ትለኛለች። እኔም እንደ ሸይኽ ደረቴን ነፍቼ እመልሳለሁ።

ወድጄው ነበር፣ ሂክማ። ወላሂ ወድጄው ነበር። ሰው የሰጡትን ልብስ ዝም ብሎ የሚለብስበት ዘመን ነው፤ ይሄ ልጅ ግን ገበሩ ለምን ወደዚያ እንደሚታጠፍ ሳይቀር ይጠይቃል። አንድ ቀን ለእናትሽ ምን እንዳልኳት ነግራሻለች አይደል? «ነስሮን የመሰለ ልጅ ባገኝ ሂክማን ዓይኔን ሳላሽ እድረው ነበር» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እንግዲያው ቆብ ጥለፊለት በለኝና ልጥለፍለት» አለችኝ። ጥለፊለት አልኳት። ዓይኗ እስኪደክም ጠለፈች፤ እኔም ቆቡን ለሸምሲያ ሰጥቼ፣ «ሚስት ካላገባ በሽማግሌ ይጠይቀኝ፤ ደጄ ክፍት ነው በዪው» ብዬ ላክሁ። መልስ መጣ፤ «ገና አልደረስኩም ብሏል።» ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም አልኩ።

አስተግፊሩላህ! ልጄን ለልጄ ዳርኩ!

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ከዙህር ሶላት በፊት ኢሳም የሚባል ሾፌር ሱቄ ደጃፍ መኪናውን አቆመ። ከጋራው ዕቃችሁን የሚያመላልሰው እሱ ነው ለካ፤ እኔ አላውቀውም ነበር። ወትሮ የሚያቀብለው ለሸምሲያ ነው፤ እሷ ደግሞ ለቅሶ ድሬዳዋ ወርዳለች። በጠያቂ ጠያቂ ሱቄ ደረሰ። «አባባ፣ እንዲጠገን ተልኮ ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፣ አሁን ለምሳ ፈረስ መጋላ አደባባይ ነኝ» ብሎ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ሄደ።

ፈታሁት። ካፖርቱ ነው። በግራ ጎኑ፣ ከብብቱ ዝቅ ብሎ፣ እጄን የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ምስማር የያዘው ወይም እሾህ የቀደደው አይደለም፤ አንድ ነገር ከውጭ ወደ ውስጥ በኃይል የገባበት ነው። «አዬ ነስሮ» አልኩ፤ ደነገጥኩ፣ ግን ለሰው ልጅ የሚደነገጠውን ያህል ነው። ከዚያ ሰደርያውን አነሳሁ። እሱም በዚያው በኩል፣ በዚያው ከፍታ ተቀዷል። የደረብኩት ጨርቅ አንዱን አልፎ ሁለተኛውን በስቷል። ቀዳዳው ዙሪያ የደረቀ ደም አለ።

ሦስተኛውን ፈለግሁ። ገላ ላይ የሚለበሰውን ሹራብ። ጥቅሉ ውስጥ የለም። ጨርቁን አራገፍኩ፣ ባንኮኒው ስር አየሁ፣ የለም። የውጪው ተበስቷል፣ የመካከለኛው ተበስቷል፤ የውስጡ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ነገር የለም።

ካፖርቱን መልሼ ሳነሳው ነው ያየሁት። የቀዳዳው ዙሪያ ለጊዜው እንዳይተረተር በእጅ ስፌት ተሸልሏል። ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። በግራ እጅ የሚሰፋ ሰው እጅ ነው። የክሩን ቋጠሮ ፈለግሁት፤ በጨርቁና በገበሩ መካከል ተደብቋል፣ ገላ እንዳይፍቅ። ልጄ፣ በዚህ ዓለም ላይ በግራ እጁ እየሰፋ ቋጠሮውን እዚያ የሚደብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እዚችው በርጩማ ላይ፣ እግርሽ መሬት ሳይደርስ።

ክው አልኩ። የንብ ወገብ፣ የሙሽራ ዳሌ፣ አባባ ምን አሉ፣ ገና አልደረስኩም። ሁሉም አንዴ መጣብኝ። ያ ጥቁር ደም የማን እንደሆነ ሲገባኝ ነፍሴ ከሥጋዬ የተለየች መሰለኝ። ስልክሽን ደወልኩ፤ «ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው» አለችኝ ያቺ ሴትዮ። አዳማ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ያውቃል?

ሱቁን ሳልዘጋ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ካፖርቱንና ሰደርያውን ታቅፌ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ መኪና ግርግርን ሽቅብ! ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «አብዱልፈታ፣ ምን ሆንክ?» ይሉኛል፤ እኔ እሮጣለሁ። ፈረስ መጋላ ስደርስ ኢሳም ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሳንቡሳ እየበላ ነው።

«የውስጡስ?» አልኩት። ትንፋሽ አጥሮኝ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«የምኑ ውስጥ አባባ?»

«የገላው! ሹራቡ! ይሄ ተበስቷል፣ ሰደርያውም ተበስቷል፣ የውስጡ የት አለ?»

«እሱን አልሰጠችኝም። 'ይሄን እኔው እሰፋዋለሁ፤ ሽማግሌው ካዩት ይደነግጣሉ' ብላ ደበቀችው።»

«በሕይወት አለች?»

ሳንቡሳውን አስቀመጠ። «ኧረ በአላህ! ስትስቅ ነው ትቻት የመጣሁት። ፈረንጁ ያቆሰለውን ወንድ አጋዘን ዱካ ይዛ ስትከተል አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ዘሎ ተነሳባት። ቀንዱ ጨረፋት እንጂ አልወጋትም። ልብሱ ነው የያዘው። ጭሮ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ቆዳዋን ሰፍተው መለሷት። ሐኪሙ 'ይሄን ልብስ የሰፋው ማነው?' ብሎ ጠይቋል።» ከዚያ ፊቴን አየና፣ «እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊዋ» አልኩት። ሌላ ማለት አፈርኩ።

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አጠጣኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ወሬ ጀመረ፤ የአዳኞቹ ሰፈር ውስጥ እንደሷ ዱካ የሚያነብ የለም፣ የፈረንጁ ውድ ጃኬት ስለሚንሿሿ እሷን ካፖርትሽን ሽጪልኝ ብሎ ለምኖ እምቢ ብላዋለች አለኝ። «ደግሞ ቀልደኛ ናት። ከሻርፗ ስር የተጠለፈ ቆብ ታደርጋለች፤ ጆሮዋን ያሞቅላታል። የማን ነው ስንላት፣ 'አባቴ የመረጠልኝ ባል ቆብ ነው' እያለች ታሾፋለች።»

ሂክማ፣ ያን ጊዜ ፈረስ መጋላ መሃል፣ ታክሲ ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ። ሳቅም ነበረበት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከቀዳዳው በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ያንን ሰደርያ ስሰፋ የብርድ ልብሱ ጨርቅ አጥሮኝ ነበር። ጎንና ጎኑን ለመደረብ ሌላ ብርድ ልብስ መፍታት ነበረብኝ፤ ረመዳን ነው፣ የዒድ ልብስ የሚጠብቅ ሰው ደጄ ላይ ተሰልፏል። «ለማላውቀው ልጅ ይሄ ምን ያደርጋል? አንድ ድርብ ይበቃዋል» ብዬ መቀሱን አንስቼ ነበር። ከዚያ ደግሞ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው ብዬ ተመለስኩና ደረብኩት። ያን ቀን ትንሽ ቢደክመኝ ኖሮስ? ትንሽ ብሰለችስ? ለልጄ ስስ ጥጥ እየላክሁ፣ ለባዳው ሱፍ እየደረብኩ፣ ያተረፈሽ ለባዳው የሰፋሁት ነው። ያ ረቢ፣ ምስጋና ላንተ ይሁን!

ቤት ገባሁ። ካፖርቱንና ሰደርያውን እናትሽ እግር ስር ጣልኳቸው። «መርየም፣ ነስሮ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት፤ አስደነግጣታለሁ ብዬ።

ቀዳዳውን ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ። «ምን ሆነች?» አለች። ምን ሆነ አላለችም፤ ምን ሆነች!

መትረፍሽን ነግሬያት ከተረጋጋች በኋላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት።

«ሲባጎውን ማን የቋጠረው ይመስልሃል?» አለችኝ።

ልጄ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። አቦከር ሰፈር ያሉ ዘመዶችሽ ያውቃሉ፣ ሸምሲያ ታውቃለች፣ አብራኝ የምትተኛው ሚስቴ ታውቃለች፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ሆኖ እኔ ብቻ አዳማ ሞቃት ነው እላለሁ!

ጮህኩባት። እሷም ዝም አላለችም። «አንተ ሰውዬ፣ ስለ ዱር አራዊት ተምራ ስትመጣ 'ጋራ ላይ ከወንድ ጋር ስታድሪ አልሰማም፣ ወላሂ አይሆንም' ብለህ ማልክባት። አዳማ ሥራ ይዣለሁ ብላህ ወደ ጋራው መሄዷ እንደማይቀር እኔ አየሁ፤ ያንተው ልጅ ናት፣ ግትር ናት። ያለ ልብስ ከምትሄድ ባንተ እጅ ለብሳ ትሂድ አልኩ። ለሷ ብትጠየቅ አትሰፋም፤ ለሰው ልጅ ግን አትጨክንም።» ይሄን ብላ ሰደርያውን አንስታ ደም ያለበትን ሳመችው። ሁለቱንም ተቀብያት ወደ ሱቅ ተመለስኩ።

ተቆጥቻለሁ፣ እወቂው። ዋሽተሽኛል፤ በየጁምዓው ዋሽተሽኛል። ግን አንድ ነገር ያልዋሸሽኝ አለ። ስትጠይቂኝ የነበረው ሁሉ እውነት ነበር። ውርጩ እውነት ነው፣ ወገብሽን የበረደሽ እውነት ነው፣ «አባባ ምን አሉ?» ያልሽውም እውነት ነው። ቤት ሳለሽ አንድም ቀን ምን ልልበስ ብለሽኝ አታውቂም። ከነስሮ ጋር ያወራሁትን ያህል ካንቺ ጋር አውርቼ አላውቅም። ይሄን ሳስበው ሆዴ ይባባል፣ መልሼ ደግሞ እናደዳለሁ።

ካፖርቱን ጠግኜዋለሁ። ከውጭ ቀዳዳው የት እንደነበር ፈረንጁም አያገኘውም። ከውስጥ ግን ገበሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ለጥፌበታለሁ፤ ለብሰሽ ባወለቅሽ ቁጥር እንድታዪው። አንቺ የሸለልሽውን አልፈታሁትም፤ በዙሪያው ሰፋሁበት፤ ጠንካራ ነው፣ ለግራኝ ልጅ ጥሩ ነው። ሰደርያውን ጎኑን አሁን ሦስት ድርብ አድርጌዋለሁ። ከበደኝ ብትዪ አልሰማሽም። ቀሚሱን እጅጌ አላገባበትም፤ ለሸምሲያ ልጅ ይሆናል። ያቆሰላችሁትን እንስሳ ግን ወዲያው አትከተሉ፤ ይሄን ወታደር ቤት አልተማርኩም፣ ከዛሬው ደም ነው የተማርኩት።

ነስሮን ደግሞ እንዲህ በዪልኝ፤ የሰጠሁህን ቃል አንስቻለሁ፣ ልጄን አልድርልህም። ቆቡን ግን ያዘው፣ ጆሮህን ያሙቅህ።

የውስጡን ሹራብ በኢሳም እጅ እንዳትልኪው። ራስሽ ይዘሽው ነይ። ቀዳዳው የት ድረስ እንደገባ በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ካላየሁት ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ እያሰፋሁት ነው የምኖረው። ደግሞ ለሚመጣው ብርድ ጥሩ ሱፍ አግኝቻለሁ፤ ጠቆር ያለ፣ የአስታ ቅጠል የሚመስል፣ ምንም የማይንሿሿ። ገዝቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ። መቀስ ግን አላስገባሁበትም። ከእንግዲህ በሲባጎ አልቆርጥም፤ መጥተሽ ፊቴ ቁሚና ልለካሽ።

አባትሽና ልብስ ሰፊሽ፣
አብዱልፈታ፣ ከመኪና ግርግር